ምን ቢመጣበት? ‹ሮበስት› የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ከዓመታት በፊት ሠላሳ ገጽ ያህል የሚሆን የፕሮጀክት ሰነድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ‹ሮበስት› የሚለው ቅጽል በየገጹ ብቅ ይላል። የክትትል ሥርዓቱ ሮበስት ነው፤ መረጃው ሮበስት ነው፤ የዘር ዝርያው፣ ውይይቱ፣ የኢኮኖሚ ዕድገቱ ሳይቀር ሮበስት ነው። እኔም መዝገበ ቃላቱ እንደነገረኝ ሁሉንም ‹ጠንካራ› እያልኩ ነጎድኩ። ሥራዬን የሚያርሙልኝ አንጋፋ አርታኢ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ‹ጠንካራ መረጃ› ከሚለው ጎን በቀይ እስክሪብቶ ‹ድንጋይ ነው እንዴ?› የሚል ተጽፎበታል። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ፣ ‹ጠንካራ ዝርያ› ከሚለው ጎን፣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ‹ምን ቢመጣበት?›

የመጀመሪያው ቀልድ ነበር፤ ስቄ አለፍኩት። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ‹ሮበስት›ን ከሥሩ ጀምሬ የተከተልኩት ለዚያች የሁለት ቃል ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ቃሉ የሄደበት መንገድ ረጅም ነው፤ ሶምሶንም፣ ቡናም፣ የኦሞ ሸለቆ መንጋጋም ያጋጥሙናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ቃሉ የተወለደው ከዛፍ ነው። በላቲን ‹ሮቡር› ማለት ኦክ የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ፣ በተለይም እንጨቱ ነው። ኦክን በስም ብቻ ለምናውቅ ሰዎች የሚቀርበን ምሳሌ ወይራ ነው። ሁለቱ ዛፎች ዝምድና የላቸውም፤ በሰው ኑሮ ውስጥ ያላቸው ቦታ ግን ይመሳሰላል። ወይራ ፈልጦ የሚያውቅ ሰው መጥረቢያው ሲነጥርበት ክንዱ ላይ የተሰማውን ንዝረት የሚረሳው አይመስለኝም። ለአጥር ቋሚ፣ ለዱላ፣ ለመሣሪያ እጀታ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ዝናብ ቢወርድበት፣ ምስጥ ቢመጣበት፣ ቢረገጥ፣ ቢመታ፣ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ሮማውያን ኦክን የሚያዩት በዚህ ዓይን ነበር። የእንጨቱ የመሀል ክፍል ቀላ ያለ በመሆኑ ስሙን ‹ቀይ› ከሚለው የላቲን ቃል ጋር የሚያዛምዱት የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ ናቸው።

ቃሉ ከዚያ በኋላ ለሁለት ተከፈለ። በአንደኛው መንገድ ዛፍ ሆኖ ቀረ፤ ስፔኖች ኦክን ‹ሮብሌ›፣ ጣሊያኖች ‹ሮቬሬ› ይሉታል፤ የዕፅዋት ሊቃውንትም የተለመደውን የአውሮፓ ኦክ ‹ኩዌርኩስ ሮቡር› ብለው ይመዘግቡታል። በሁለተኛው መንገድ ከጫካው ወጥቶ ጥንካሬ ራሱ ሆነ። የሮም እስር ቤት የታችኛው ጨለማ ክፍል ሳይቀር ‹ሮቡር› ይባል ነበር። ከዚህ ስም የወጣው ‹ሮቡስቱስ› የሚለው ቅጽል በቀጥታ ቢፈታ ‹ኦካማ› ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ‹ወይራ የመሰለ› እንደማለት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ ወዳጁ በመርከብ ሲጓዝ የጻፈው ግጥም አለ። እዚያ ውስጥ ‹ደካማዪቱን ጀልባ ለጨካኙ ባሕር አሳልፎ የሰጠ የመጀመሪያው ሰው ደረቱ በኦክና በሦስት ድርብ ነሐስ የተከበበ ነበር› የሚል ሐሳብ እናገኛለን። ኦክ ብዬ የመለስኩት ‹ሮቡር› ነው፤ ደካማ ያልኩት ደግሞ ‹ፍራጊሊስ›፣ ማለትም በቀላሉ የሚሰበር። ሰውየው ማንንም አልመታም፤ ምንም አላነሣም፤ ማዕበሉ እየመጣበት ቆሟል። ሁለት ሺህ ዓመት ወደፊት ዘለን ስታቲስቲክስ ውስጥ ስንገባ ይህችው ጀልባ ትመለሳለችና አትርሷት።

የዚሁ ሥር ልጅ የሆነ አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ይኖራል፤ ‹ኮሮቦሬት› ይባላል። የአንድን ምስክር ቃል በሌላ ማስረጃ መደገፍ ማለት ሲሆን፣ በጥሬው ‹ማወየር› ብንለው አያሳፍርም። የእኛም ሕግ አዋቂዎች ‹ማስረጃውን ያጠናክራል› ይላሉ። በዚህ ቦታ አማርኛና ላቲን ሳይማከሩ ተገናኝተዋል።

ወደ እንግሊዝኛ ቃሉ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ነው። መጀመሪያ የተለጠፈው በሰው አካል ላይ ሲሆን፣ ሮበስት ሰው ማለት አጥንቱ የገዘፈ፣ ጡንቻው የሞላ፣ ሥራ የማይሰብረው ማለት ነበር። አማርኛ ለዚህ ‹ፈርጣማ› እና ‹ደልዳላ› አለው፤ ሁለቱም ከ‹ጠንካራ› ይልቅ ዓይን ይሞላሉ። ለምን ተርጓሚዎች እንደሚረሷቸው አይገባኝም። እኔም ከረሱት አንዱ ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ቃሉ ባሕርዩ ተበላሸ። ጉልበት ያለው ሰው ጯሂ ሊሆን ይችላል፤ ያልተገራ ሊሆን ይችላል። ‹ሮበስቺየስ› የሚል ቅጥያ ያለው ወንድም ወጣለትና ለዚህ ዓይነቱ ሰው ዋለ። በ1600 አካባቢ በተጻፈው የሼክስፒር ‹ሐምሌት› ውስጥ ልዑሉ ተዋንያንን ሲመክር፣ አርቴፊሻል ፀጉሩን ደፍቶ በጩኸት ስሜትን እየቀዳደደ የሚተውነውን ሰው ‹ሮበስቺየስ› ብሎ ይጠራዋል። ነፍሴን ያስቀይመዋል ነው የሚለው። በ1671 ደግሞ እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በሶምሶን ታሪክ ላይ በጻፈው ድራማ ይኸው ቃል ይመለሳል። ፍልስጥኤማውያን ዓይኑን አውጥተው እስር ቤት ያኖሩት ሶምሶን ፀጉሩ ዳግመኛ አድጓል። እርሱ ግን ትከሻው ላይ የወረደውን ፀጉር ‹ያለ አንዳች ጥቅም ሮበስቺየስ የሆነ› ይለዋል። ኃይሉ ሁሉ ከፀጉሩ የነበረ ሰው ይህን ሲናገር ቃሉ ምን ያህል ከኦኩ እንደራቀ ይታያል፤ የተትረፈረፈ፣ የሚታይ፣ ግን ለምንም የማይውል ኃይል። በ1755 የወጣው የሳሙኤል ጆንሰን ዝነኛ መዝገበ ቃላት ‹ሮበስት›ን ራሱን ሲፈታ ከብርቱነቱ ቀጥሎ ሁከተኛና ገራገርነት የጎደለው የሚል ትርጉም አክሎበታል።

ይህን ሳነብ አልገረመኝም፤ አማርኛም ያው ነውና። ‹ኃይለኛ ውሻ አለ› የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ያየ ሰው ውሻው ስንት ኪሎ እንደሚጎትት አይጠይቅም፤ እንደሚነክስ ገብቶታል። ‹ኃይለኛ ሴት ናት› ሲባልም ስለ ክንዷ የሚያወራ የለም። ኃይል የሚል ቃል በሰው ላይ ብዙ ሲቆይ ወደ ቁጣ ያዘነብላል መሰለኝ።

እንግሊዝኛው ‹ሮበስት› ግን ታረመ። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ጤና ተጠጋ፤ ሮበስት ልጅ ማለት ጉንጩ የቀላ፣ ሳል የማያጠቃው ልጅ ሆነ። ሁከቱን ‹ሮበስቺየስ› ይዞት ወደ እርጅና ሄደ፤ ዛሬ ያን ቃል የሚያነሣ ጥቂት ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። እንግሊዞች ሁለት ባለሥልጣናት ተዘላልፈው ሲለያዩ ‹ሮበስት የሐሳብ ልውውጥ ነበር› ይላሉ። ጨዋነት የለበሰ ጠብ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን የሚቀርበው ታሪክ፤ ቡና።

በ1869 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የቡና ቅጠል ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ታየ። የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው ፈንገስ ነው። እንግሊዞች በደሴቲቱ ላይ የተከሉት አረቢካ ቡና ነበርና ቅጠሉ እየረገፈ ሄዶ በሁለት አሥርተ ዓመታት ገደማ የሲሎን የቡና ንግድ አበቃለት። ሻይ የተተከለው በዚያ ቦታ ላይ ነው። በሽታው ወደ ጃቫም ተሻገረ። ሰዎች ይህን ፈንገስ የሚቋቋም ቡና ሲፈልጉ የኮንጎ ደን ውስጥ ሌላ ዝርያ ተገኘ። የዕፅዋት ሊቃውንት በ1897 ‹ካኔፎራ› ብለው መዝግበውታል። በ1900 አካባቢ ግን የብራስልሱ የሊንደን የአትክልት ንግድ ድርጅት ችግኙን ለገበያ ሲያቀርብ ‹ሮቡስታ› የሚል ስም ሰጠው። የገበያ ስም ነው፤ ‹አይሞትብህም› የሚል ቃል የተሸከመ ስም። ሳይንሳዊውን ስም ዛሬ የሚጠራው ባለሙያ ብቻ ሲሆን፣ የነጋዴው ስም ግን ዓለምን ሞላ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ‹ሮቡስታ› ሲባል ስኒው ውስጥ ያለው ቡና የሚወፍር ይመስለዋል። እርግጥ ነው፣ በካፌይን ሮቡስታ አረቢካን ወደ እጥፍ ይጠጋዋል፤ አረቢካ 1.2 በመቶ ገደማ ሲይዝ ሮቡስታ ከ2 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ጣዕሙም መራራ ነው። ስሙ የተሰጠው ግን ለቅጠሉ እንጂ ለአቦሉ አይደለም። ቆላማና ሞቃት ቦታ ላይ ይበቅላል፤ ዋጉን ይችለዋል፤ ብዙ ያፈራል። ለዚህ ሁሉ የከፈለው ዋጋ ጣዕሙ ነው፤ ዓለም አብዛኛውን ጊዜ በፈጣን ቡናና በድብልቅ ውስጥ ያስገባዋል። ቡና አጣጥሞ ለሚጠጣ አገር ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ዝምድናቸውም የሚገርም ነው። አረቢካ ከሁለት የዱር ቡናዎች መዳቀል የተወለደ ሲሆን፣ አንዱ ወላጁ ይኸው ካኔፎራ ነው። ሮቡስታ 22 ክሮሞዞም አለው፤ አረቢካ 44። ልጁ ጣዕም ወረሰ፤ የወላጁን ዋግ የመቋቋም አቅም ግን አልወረሰም።

ታዲያ አረቢካ ደካማ ነው? በሲሎን አዎን፤ ከጥቂት ዘር የመጣ፣ ሁሉም እርስ በርሱ የሚመሳሰል ተክል ስለነበር አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ጣለ። በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ነው። በ1971 ገና አረንጓዴ ሳለ ፍሬውን የሚያጠቁር ሌላ ፈንገስ አገራችን ሲገባ ማሳዎች ተጠቁ። የጅማ ተመራማሪዎች ያደረጉት ወደ ኢሉባቦር ጫካ መግባት ነበር። በበሽታ መካከል ቆመው ፍሬያቸው ያልጠቆረ ዛፎችን መርጠው ዘር ሰበሰቡ። በ1974 ከተመረጡት መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት ዛሬም በዚሁ ቁጥር ይጠራሉ፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዓመቱ ነው። ውጭ አገር በውድ በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ ቁጥሩን ሳይ የስልክ ቁጥር መስሎኝ ያውቃል። እንግዲህ አንዱ ዝርያ በስሙ ሮቡስታ ነው፤ ሌላው ስሙ ባይኖረውም ልዩ ልዩ ዘሩን በጫካው ውስጥ አስቀምጦ ጠበቀ።

ስሙን የተሸከመውም ቢሆን ፈተና አላጣውም። በ2020 በቬትናምና በኢንዶኔዥያ የሮቡስታ እርሻዎች ላይ የተሠራ ጥናት ተክሉ ይታሰብ ከነበረው በላይ በሙቀት እንደሚጎዳ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ርዕሱ ላይ ‹ያን ያህልም ሮበስት አይደለም› ብለው በስሙ ቀልደዋል። ዋግ ቢመጣበት ይችላል፤ ሙቀት ቢመጣበት ይቸገራል። የአርታኢው ቀይ እስክሪብቶ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

ቃሉ የሰው ዘር ጥናት ውስጥም ገብቷል፤ እዚያ ያስከተለው ስሕተት ደግሞ ከቡናው ይብሳል። በ1938 በደቡብ አፍሪካ ክሮምድራይ በተባለ ቦታ ሮበርት ብሩም የተባለው ሳይንቲስት ያገኘውን ጥንታዊ ፍጡር ‹ፓራንትሮፐስ ሮበስተስ› ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰሉት ሁሉ ‹ሮበስቶቹ› ተባሉ፤ ድንቅነሽን የመሰሉት ደግሞ ‹ቀጫጭኖቹ›። የእኛም አገር ድርሻ አለው። በ1967 በኦሞ ሸለቆ የፈረንሳይ ቡድን የመንጋጋ አጥንት አገኘና የዝርያው ስም ‹ኢትዮፒከስ› ሆነ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ኮንሶ ላይ 1.4 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው የሌላ ሮበስት ዝርያ የራስ ቅል ተገኘ።

ይህን የሚሰማ ሰው እንደ ጎሊያድ የገዘፈ ፍጡር በዓይነ ሕሊናው ይስላል። ቁመናቸው ግን ከሌሎቹ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ሮበስት የሆነው ማኘኪያቸው ነው። የመንጋጋ አጥንታቸው የወፈረ፣ የኋላ ጥርሶቻቸው እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሰፉ፣ ጉንጫቸው ወደ ውጭ የተገፋ፣ ወንዶቹ አናት ላይ ደግሞ የማኘኪያ ጡንቻ የሚይዝበት የአጥንት ሸንተረር ነበራቸው። ሸካራ ምግብ ቢመጣበት የሚችል አፍ ነው። ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ጨርሰው ጠፉ። የቀረነው መንጋጋችን የሳሳው ነን።

አሁን ወደ ጀልባዋ እንመለስ።

ዛሬ በሪፖርት ውስጥ ‹ሮበስት መረጃ›፣ ‹ሮበስት ውጤት› የሚለው አነጋገር ከስታቲስቲክስ የተዋሰ ነው። ቃሉን ወደ ሙያው ያስገባው ጆርጅ ቦክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ዓመቱ 1953 ነው። ያነሣው ጥያቄ እንዲህ ሊባል ይችላል፤ የስታቲስቲክስ ስሌት ሁሉ የቆመው በሆነ ግምት ላይ ነው፤ መረጃው በመሀሉ ከፍ፣ በግራና በቀኙ ዝቅ እያለ የሚሄድ የደወል ቅርጽ አለው ብለን እንነሣለን። የእውነት ዓለም መረጃ ግን እንዲህ አምሮ አይመጣም። ግምታችን ትንሽ ቢዛነፍ ውጤታችን ይፈርሳል ወይስ ይቆማል? የሚቆመውን ስሌት ቦክስ ሮበስት አለው።

በጊዜው ተመራማሪዎች ዋናውን ስሌት ከማካሄዳቸው በፊት ‹መረጃው ይፈቅዳል ወይ?› ብለው በሌላ ስሌት ይፈትሹ ነበር። ቦክስ ያሳየው ፈታሹ ከሚፈተሸው ይልቅ ደካማ መሆኑን ነው። አባባሉ አሁንም ያስቃል፤ ትልቁ የውቅያኖስ መርከብ ከወደብ መውጣት ይችል እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ በመቅዘፊያ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ ባሕር ላይ እንደማውጣት ነው ይላል። ሆራስም ቦክስም ባሕሩን ነው የተመለከቱት።

ነገሩን በወረቀት ላይ እንየው። አንድ መረጃ ሰብሳቢ የአምስት ቤተሰቦችን የወር ገቢ መዝግቧል እንበል፤ 5,000፣ 5,500፣ 6,000፣ 6,500 እና 7,000 ብር። ደምረን ለአምስት ስናካፍል አማካዩ 6,000 ነው። በቅደም ተከተል ደርድረን መሀል ላይ ያለውን ብንወስድም 6,000 ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ሚዲያን ይሉታል። ማታ ደክሞት ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ የመጨረሻዋ ላይ አንዲት ዜሮ ጨመረና 7,000 የነበረው 70,000 ሆነ። አማካዩ ወዲያው 18,600 ይሆናል፤ አምስቱም ቤተሰቦች በሕልማቸውም አይተውት የማያውቁት ገንዘብ ነው። ሚዲያኑ ግን ያው 6,000 ነው። አንድ ዜሮ ብንደግምና 700,000 ብናደርገው አማካዩ 144,600 ይደርሳል፤ ሚዲያኑ አሁንም አልተነቃነቀም። ሚዲያንን ለመጣል ወደ ግማሽ የሚጠጋው መረጃ መበላሸት አለበት፤ አማካዩን ለመጣል አንዲት ዜሮ በቂ ናት። ሮበስት መረጃ፣ ሮበስት ውጤት ሲባል የሚፈለገው ይህ ነው፤ ስሕተት ቢመጣበት የማይናወጥ።

እዚህም ዋጋ ይከፈላል። መረጃው በእውነት ንጹሕና ደወል መሳይ ከሆነ ሚዲያን ከአማካይ ያነሰ ነው፤ አማካዩ በ100 ሰው የሚሰጠውን ያህል እርግጠኝነት ለማግኘት ሚዲያን 157 ሰው ገደማ ይፈልጋል። ሃምሳ ሰባቱን ሰው የምንጨምረው ደክሞት ዜሮ ለሚደግም ሰው መድን ነው። የሮቡስታ ጣዕም፣ የሚዲያን ተጨማሪ ሰው፤ ሁለቱም የአንድ ዕዳ ሁለት ደረሰኞች ናቸው።

በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ደግሞ ቃሉ የውይይት ቅጽል ሆኖ ይገኛል። በ1960 የጥቁሮችን የመብት ትግል የሚደግፍ ማስታወቂያ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የሞንትጎመሪ ከተማ ኃላፊ የነበሩት ሱሊቫን ስሜ ጠፍቷል ብለው ከሰሱ፤ በአላባማ 500,000 ዶላር ተፈረደላቸው። ማስታወቂያው ላይ ስሕተት ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሰባት ጊዜ ታሰረ ይላል፤ እውነቱ አራት ጊዜ ነው። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሲሽር፣ በሕዝብ ጉዳይ ላይ የሚደረግ ክርክር ያልተገደበ፣ ሮበስትና ልቅ ሊሆን እንደሚገባ አሰፈረ። ይህን ‹ጠንካራ ክርክር› ብለን ብንተረጉም ክርክሩ ጥሩ ነጥብ የተነሣበት ይመስላል። ሐሳቡ ሌላ ነው። ኃይለ ቃል ቢመጣበት፣ አራት የሆነው ሰባት ተብሎ ቢጻፍበት፣ የማይፈርስ ክርክር ማለት ነው። ዳኞቹ የጆንሰንን ሁከተኛ ትርጉምና የቦክስን ስሕተት ቻይ ትርጉም በአንድ ቃል አስገቡት፤ አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት፣ ተዋጥቶላቸዋል።

የተባበሩት መንግሥታት አጠቃቀም ያን ያህል አያምርም፤ ግን የሰው ሕይወት አለበት። በ1994 በሩዋንዳ፣ በ1995 በቦስኒያዋ ስሬብሬኒጻ ሰላም አስከባሪ ባለበት ሰው ካለቀ በኋላ በአልጄሪያዊው ዲፕሎማት ላክዳር ብራሂሚ የተመራ ቡድን በ2000 ሪፖርት አወጣ። ሰላም አስከባሪው ራሱንም ተልዕኮውንም ለመከላከል ‹ሮበስት› የሆነ ኃይል የመጠቀሚያ ደንብ ይሰጠው አለ። በጋዜጦቻችን ‹ጠንካራ ተልዕኮ› እየተባለ የሚያልፈው ይህ ነው። ሲቀለል፣ ሲቪሎችን ሊገድል የመጣ ቢኖር መተኮስ ይፈቀዳል ማለት ነው። ከ2011 ጀምሮ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው አብዬ የዘመተው፣ ለዓመታት በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የነበረው ኃይል ሲቪሎችን ለመጠበቅ እንዲህ ያለ ፈቃድ ነበረው። ለወታደሩና ለቤተሰቡ ‹ጠንካራ› ከሚለው ቅጽል ይልቅ ‹መተኮስ ይፈቀዳል› የሚለው ብዙ ይነግራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአማርኛው መልስ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ አገኘሁት። ‹መቋቋም› የሚለው ግሥ ነው። ‹ጠንካራ› ብቻውን ይቆማል፤ ‹ይቋቋማል› ያልን እንደሆነ ግን ሰሚው ወዲያው ‹ምንን?› ይላል። ግብርና ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ከተርጓሚዎች ቀድመው ያውቁታል፤ ‹ድርቅን የሚቋቋም በቆሎ›፣ ‹ዋግን የሚቋቋም ስንዴ› ይላሉ እንጂ ‹ጠንካራ በቆሎ› ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ግሡ ‹ቆመ› ከሚለው የወጣ ነው፤ ፊት ለፊት መቆም። ድርጅት ‹ተቋቋመ› ስንልም ያው ግሥ ነው፤ ተመሠረተና ችግርን ቻለ በአንድ ቃል መጠራታቸው ደስ ይለኛል፤ ምንም እንኳ ሁለቱን አንድ ላይ ያሟሉ ድርጅቶች ጥቂት ቢሆኑም።

እግረ መንገዴን አንድ ቅሬታ ላስመዝግብ። ‹ሪዚሊየንት› የሚባለው ሌላው የሰነዶች ተወዳጅ ቃል መልሶ መፈናጠርን ከሚያመለክት የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ቢጎብጥም የሚቃና፣ ቢወድቅም የሚነሣ ማለት ነው። እኛ ግን በ2011 በወጣው ስትራቴጂ ስም ‹ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ› ብለን ተረጎምነው። የማይበገረው ሮበስቱ ነው። ሪዚሊየንቱ ይበገራል፤ ተመልሶም ይነሣል። ወይራና ሸንበቆ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ስም መጥራት ለገበሬውም ለእቅዱም የሚጠቅም አይመስለኝም።

ያንን ሰነድ እንደገና ሠራሁት። ‹ጠንካራ ዝርያ› የነበረው ‹ድርቅንና ዋግን የሚቋቋም ዝርያ› ሆነ፤ ይህን ለመጻፍ የፕሮጀክቱን ባለሙያ ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እንግሊዝኛው ላይ አልተጻፈምና። ‹ጠንካራ የክትትል ሥርዓት› ‹ሠራተኛ ቢቀያየርም የማይቋረጥ ክትትል› ሆነ። ‹ጠንካራ ውይይት› ‹ሁሉም ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ውይይት›። መጨረሻ ላይ ‹ሮበስት የኢኮኖሚ ዕድገት› ቀረችኝ። ምን ቢመጣበት ብዬ ብጠይቅ ከፊቱም ከኋላውም መልስ የለም። ‹ፈጣን ዕድገት› ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። አርታኢው ‹ፈጣን›ን በቀይ ሰርዘው ከጎኑ እንዲህ አሉ፤ ‹ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቅና ቁጥሩን ጻፈው።›